ሶፋውን የሚወስደው ማነው?

[የሶፋ መሥሪያ ክፍል። ዕቃው ሁሉ ተጭኖ ሄዷል። የቀረው ወለሉ ላይ የተበተነ የስፖንጅ ፍርፋሪ፣ አንድ የዕቃ ቦርሳ፣ እና ሁለት ግድግዳ ተደግፎ የተዘረጋ ትልቅ ባለ ማዕዘን ሶፋ ነው። ደጁ ላይ ብስክሌት ቆሟል። ሶፋ ሠሪው አፉን በከፈተ ቁጥር «ቆይማ» ስለሚል ሰፈሩ ቆይማ ይለዋል። የሚስቱ ወንድም ደግሞ የሦስት ቀን የማስታወቂያ ሥልጠና ወስዶ፣ የተሰጠውን ወረቀት በፕላስቲክ አሳሽጎ ስለሚዞር ሰርተፍኬት ነው የሚባለው። ሰርተፍኬት ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ጨርሷል፤ ቆይማ ሜትሩን ይዞ ከኋላው ቆሟል።]

ቆይማ፦ ቆይማ፣ በግራ በኩል ግማሽ ሴንቲ ወርዳለች።

ሰርተፍኬት፦ ምኗ ነው የወረደው? ቀጥ ብላለች።

ቆይማ፦ አንተ አንገትህን አጋድለህ ስለምታያት ነው።

ሰርተፍኬት፦ ሰርተፍኬት እንደ ቁም ሳጥን አይለካም። ሰው የሚያየው ማኅተሙን ነው።

ቆይማ፦ [ውሃ ልኩን አስጠግቶ] ማኅተሙም ዘሟል።

ሰርተፍኬት፦ ተዋት አልኩህ። ገዢ ሲገባ መጀመሪያ እሷን ያያል፣ «እዚህ ቤት የተማረ ሰው አለ» ይላል፣ ልቡ ይረታል። በቃ።

ቆይማ፦ ዛሬ ለምለቀው ቤት ነው ሰርተፍኬት የምትሰቅለው? አከራዩ አሥር ሰዓት ይመጣል። ክፍሉን ባዶ ካላገኘ ቁልፌን አልቀበልም ብሏል። የአዲሱ ቤት ባለቤት ደግሞ ወንድሙ ነው፤ የወንድሜን ሳታስረክብ የኔን አልሰጥህም ይላል። ከጀርባዬ አንድ ፀጉር አስተካካይ ቆሞ ያንኑ ቤት ይጠብቃል።

ሰርተፍኬት፦ ለዚሁ ነዋ የመጣሁት። እህቴ ደውላ «ባሌ አንድ ሶፋ መሸጥ አቅቶት ቤቱ ሊያመልጠው ነው» ስትለኝ ብስክሌቴ ላይ ወጥቼ በረርኩ።

ቆይማ፦ አይቼሃለሁ። ስትቆም ቀኝ እግርህን መሬት ለመሬት እየጎተትክ ነው። ጫማህ በዚያ በኩል አልቋል።

ሰርተፍኬት፦ ፍሬኗ ትንሽ ይሰንፋል።

ቆይማ፦ ትንሽ?

ሰርተፍኬት፦ እሺ፣ የላትም። ግን ትምህርታችን ከዚሁ ይጀምር። እኔ ይቺን ብስክሌት ልሽጥ ብል «ፍሬን የላትም» እላለሁ?

ቆይማ፦ ብትል ሰው ይተርፋል።

ሰርተፍኬት፦ አልልም። «ወደ ፊት ብቻ የምትጓዝ ብስክሌት» ነው የምለው። ገባህ? ጉድለት አይነገርም። መልካም መልካሙን መርጠህ ትደረድራለህ፣ የቀረውን ዋጥ። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት የተማርነው ይሄን ነው።

ቆይማ፦ ቆይማ፣ እንደሱ ከሆነ ይሄ ሶፋም አንድ ነገር አለበት። እሱን አስቀድሜ ብነግርህ…

ሰርተፍኬት፦ [ሁለት ጆሮውን ደፍኖ] አትንገረኝ።

ቆይማ፦ አንተኮ ገዢ አይደለህም።

ሰርተፍኬት፦ ለኔ ከነገርከኝ ምላስህ ይለምደዋል። ገዢ ፊት ያመልጥሃል። ለኔ ቀርቶ ለራስህም አትንገረው።

ቆይማ፦ እኔማ በየቀኑ አየዋለሁ።

ሰርተፍኬት፦ አትየው።

ቆይማ፦ እንዴት አላየውም? ስገባም ስወጣም…

ሰርተፍኬት፦ አማቼ፣ ሶፋው እንዲወሰድልህ ትፈልጋለህ አትፈልግም?

ቆይማ፦ እፈልጋለሁ።

ሰርተፍኬት፦ ዝም በላ።

[ሰርተፍኬት ወጥቶ፣ ኮቱን አስተካክሎ፣ እንደ እንግዳ ይገባል።]

ሰርተፍኬት፦ አሁን እኔ ገዢ ነኝ። ጤና ይስጥልኝ።

ቆይማ፦ ጤና ይስጥልኝ። እህትህን አግኝተሃታል?

ሰርተፍኬት፦ የምን እህት? አታውቀኝምኮ። ከመንገድ ነው የገባሁት።

ቆይማ፦ ይቅርታ። የማን ልጅ ነህ ታዲያ?

ሰርተፍኬት፦ ስለ ሶፋው ንገረኝ።

ቆይማ፦ ሶፋ ነው።

ሰርተፍኬት፦ እሺ…?

ቆይማ፦ ይቀመጡበታል።

ሰርተፍኬት፦ [ግንባሩን ይዞ] ይሄን የሞተ ሰውም ያውቀዋል። ስማኝ፣ ሰው ከሌላው ተለይቶ መቅረትን እንደ በሽታ ነው የሚፈራው። ስለዚህ «ከተማው በሙሉ በዚህ ሶፋ ላይ መቀመጥ ከጀመረ ሰንብቷል፣ እርስዎ ብቻ ቀሩ» ትለዋለህ።

ቆይማ፦ ከተማው በሙሉ ከተቀመጠበት እሱ የት ይቀመጣል?

ሰርተፍኬት፦ አነጋገር ነው።

ቆይማ፦ ሶፋው አንድ ነዋ።

ሰርተፍኬት፦ እሱም ይጠቅመናል። «የመጨረሻው አንድ ነው የቀረው» እንላለን። የሚያልቅ ነገር ሰው ያስጎመጃል።

ቆይማ፦ የመጀመሪያውም እሱ ነው።

ሰርተፍኬት፦ እሱ አይነገርም።

ቆይማ፦ ቆይማ። ሁሉም ሰው ከገዛው እንዴት አንድ ቀረ? አንድ ብቻ ከነበረ ደግሞ ሁሉም ሰው ምኑን ገዛ?

ሰርተፍኬት፦ ሁለቱን ለአንድ ገዢ አትነግረውም፣ አለቀ። አሁን ወደ ዝነኛ ሰው እንሂድ። ዝነኛ የሆነ ሰው ተቀምጦበት ያውቃል?

ቆይማ፦ የሰፈሩ ግብ ጠባቂ።

ሰርተፍኬት፦ [ደስ ብሎት] አየህ፣ ሀብትህን አታውቀውም። ግብ ጠባቂው ተቀምጦበት ምን አለ?

ቆይማ፦ ምንም። እንቅልፍ ወሰደው።

ሰርተፍኬት፦ «ጀግኖች የሚያርፉበት ሶፋ።» ጻፍ።

ቆይማ፦ ጨዋታ ነበረው። ከእንቅልፉ ተነሥቶ ሲደርስ ዓይኑን እያሸ ስድስት ገባበት።

ሰርተፍኬት፦ ስድስቱን አትጻፍ።

ቆይማ፦ [እርሳሱን አንሥቶ] ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ሶፋውን ነው የሚወቅሰው። አልጻፍም እሺ።

ሰርተፍኬት፦ ሐኪምስ? ነጭ ካፖርት ያለው ሰው የተናገረውን ማንም አይጠይቅም። «ከአሥር ሐኪሞች ዘጠኙ ይህን ሶፋ ይመክራሉ» እንላለን።

ቆይማ፦ የትኞቹ ሐኪሞች?

ሰርተፍኬት፦ ሐኪሞች ናቸዋ።

ቆይማ፦ ቆይማ፣ አሥረኛው ምን ሆነ?

ሰርተፍኬት፦ ማን?

ቆይማ፦ አሥረኛው ሐኪም። ዘጠኙ ሲስማሙ እሱ ብቻውን እምቢ ያለው። የሆነ ነገር ቢያይ ነው እንጂ ሰው ዝም ብሎ ከዘጠኝ ጓደኞቹ አይጣላም።

ሰርተፍኬት፦ አሥረኛው ሐኪም የለም።

ቆይማ፦ ዘጠኙስ አሉ?

ሰርተፍኬት፦ [ሶፋው ላይ ዘፍ ብሎ] እህቴ እንዴት ነው ከዚህ ሰው ጋር አሥራ ሁለት ዓመት የኖረችው?

ቆይማ፦ ብዙ ጊዜ ዝም ትላለች።

[ሰርተፍኬት ለመነሣት ይሞክራል። ሶፋው መልሶ ይስበዋል። እንደገና ይሞክራል። ትቶት ይደገፋል።]

ሰርተፍኬት፦ ይሄ ስፖንጅ ምንድን ነው?

ቆይማ፦ ሦስት ድርብ ነው። ከሥሩ ሞላ አለው። በሁለት እጅህ ገፍተህ ካልሆነ አያስነሣም።

ሰርተፍኬት፦ እ… ጥሩ ነው። ጥሩ ነው። እንቀጥል። የሚያብረቀርቁ ቃላት ያስፈልጉናል። ሲሰሟቸው ደስ የሚሉ፣ ግን ማንም ምን ማለት እንደሆኑ የማይጠይቃቸው። «ክብር። ነፃነት። የቤተሰብ ፍቅር። ሶፋ።»

ቆይማ፦ ነፃነቱ የቱ ጋ ነው? ስፖንጁ ውስጥ?

ሰርተፍኬት፦ ስሜቱ ውስጥ።

ቆይማ፦ አሁን ተነሣ ብልህ አልተነሣህም፤ የምን ነፃነት ነው?

ሰርተፍኬት፦ እሺ ይሄንን ተወው፣ ተቀናቃኝ እናጥላላ። እዚያ ማዞሪያው ጋ ሶፋ የሚሠራው ሽማግሌ አለ አይደል? «የዚያ ሰውዬ ሶፋ ወገብ ይሰብራል» በል።

ቆይማ፦ ሥራ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ሰርተፍኬት፦ ስም አትጥራ። «አንዳንድ ሰዎች» በል። ስም ሳትጠራ ጥርጣሬውን ብቻ ጣል፣ ሰው የቀረውን ራሱ ይሞላዋል። ድምፅህን ዝቅ አድርገህ፣ «አንዳንድ ሰዎች የሚሠሩት ሶፋ ላይ ተቀምጦ የተነሣ ሰው…» ትልና ዝም።

ቆይማ፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] አንዳንድ ሰዎች የሚሠሩት ሶፋ ላይ ተቀምጦ የተነሣ ሰው…

ሰርተፍኬት፦ እሰይ። ግሩም ነው።

ቆይማ፦ …የለም። አንተም እስካሁን አልተነሣህም።

ሰርተፍኬት፦ [በሁለት እጁ ገፍቶ ይነሣል] ሻጭ መሆን ላንተ አልተፈጠረም። ቦታ እንቀያየር። አንተ ገዢ ሁን፣ እኔ ሻጭ። ተመልከትና ተማር። ውጣና ግባ።

ቆይማ፦ [ወጥቶ ይገባል] ጤና ይስጥልኝ። መንገደኛ ነኝ። የማንም ልጅ አይደለሁም።

ሰርተፍኬት፦ እንኳን ደህና መጡ። ሶፋ ልሸጥልዎ አይደለም።

ቆይማ፦ እንግዲያው ይቅርታ፣ ተሳስቼ ነው። [ሊወጣ ይዞራል]

ሰርተፍኬት፦ ወዴት ነው? አነጋገር ነው፣ ተመለስ። [እንደገና ሻጭ ሆኖ] እኔም እንደ እርስዎ ተራ ሰው ነኝ። ነጋዴ አይደለሁም፤ ኑሮ የሚያንገላታኝ፣ ደክሞኝ ማታ ቤቴ የምገባ። አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት። ቤትዎ እንግዳ ይመጣል?

ቆይማ፦ ይመጣል።

ሰርተፍኬት፦ ይቆያል?

ቆይማ፦ እንደ ሰዉ ነው።

ሰርተፍኬት፦ አይቆይም። [ሶፋው ዙሪያ እየተንጎራደደ] የፕላስቲክ ወንበር ይሰጡታል፤ ጫፏ ላይ ይቀመጣል። እርስዎ ወሬ ይጀምራሉ። ገና መግቢያው ላይ እያሉ እንግዳው ሰዓቱን ያያል። «በል እንግዲህ ልሂድ፣ መንገድ አለብኝ» ይልዎታል። የምን መንገድ? መንገድ የለበትም። ቁም ነገር ሊነግሩት ነበር። ሦስት ቀን የተማሩት ነገር ደረትዎ ላይ ሞልቶ ቀርቷል፤ አድማጭ ግን የለም። ሰው ሁሉ በር ላይ ቆሞ ነው የሚሰማዎት።

ቆይማ፦ [ቀስ ብሎ] ይሄ ያንተ ቤት አይደለም እንዴ?

ሰርተፍኬት፦ የማንም ቤት ነው። አሁን ደግሞ ይህ ሶፋ ሳሎንዎ ውስጥ ተዘርግቶ ይታይዎት። እንግዳው ይገባል። ይቀመጣል። ይሰምጣል። እርስዎ እዚህ ማዕዘኑ ላይ ነዎት፣ ከሁሉም ፊት ለፊት። ይናገራሉ። እንግዳው «ልሂድ» ይላል፤ ለመነሣት ይሞክራል፤ ሶፋው ይመልሰዋል። ይደገፋል። ይሰማዎታል። [ድምፁ ይሰበራል] እስከ መጨረሻው ይሰማዎታል።

[ቆይማ ዓይኑን ይጠርጋል።]

ቆይማ፦ ገዛሁት።

ሰርተፍኬት፦ አየህ? እንዲህ ነው የሚሸጠው።

ቆይማ፦ የምሬን ነው። ይሄን ያህል ነገር እንዳለው አላውቅም ነበር። ለማንም አልሸጠውም።

ሰርተፍኬት፦ አንተኮ ባለቤቱ ነህ። የራስህን ሶፋ ከማን ትገዛለህ?

ቆይማ፦ ካንተ። አሁን የሸጥክልኝ አንተ ነህ።

ሰርተፍኬት፦ ልምምድ ነው!

[የቆይማ ስልክ ይጮኻል። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ያነጋግራል።]

ቆይማ፦ አቤት… አዎ ጌታዬ… አዎ፣ እሱ ብቻ ነው የቀረው… ዛሬ ይለይለታል… አይ፣ ሰው መጥቶ እያየው ነው… እሺ፣ አሥር ሰዓት ይምጡ። ከዚያ በፊት ቢወሰድ እደውላለሁ። [ስልኩን ይዘጋል]

ሰርተፍኬት፦ ማነው?

ቆይማ፦ አከራዩ።

ሰርተፍኬት፦ [በዝግታ ፈገግ ብሎ] አከራዩ።

ቆይማ፦ አዎ።

ሰርተፍኬት፦ «እሱ ብቻ ነው የቀረው። ሰው መጥቶ እያየው ነው። ዛሬ ይለይለታል።» ይሄንን ሁሉ ለአከራይ? አማቼ፣ እኔን ነው? ሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሙሉውን የተማርነው ይሄን ነው። ሌላ ገዢ ያለው ሻጭ ፊቱ እንዲህ ይሆናል።

ቆይማ፦ ፊቴ ድሮም እንዲህ ነው።

ሰርተፍኬት፦ ስንት አልከው?

ቆይማ፦ ማንን?

ሰርተፍኬት፦ አከራዩን። [በጣቱ ጥቅስ ይሠራል]

ቆይማ፦ ምንም አላልኩትም፤ አከራይ ነው።

ሰርተፍኬት፦ ጎሽ፣ ጠበቅ አድርገህ ያዝ። ባንድ ከሰዓት እዚህ ደረስክ። አስተማሪህን ግን አታስተምርም። [ሶፋውን ዞሮ ያያል፣ ጨርቁን በመዳፉ ይዳብሳል] መጋጠሚያው የት ነው?

ቆይማ፦ የለውም። ወጥ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ በኮላ ነው የተያያዘው፤ አይፈታም፣ አይነጣጠልም። አምስት ወር እዚችው ክፍል ውስጥ ነው የሠራሁት። ያዘዘኝ ሰው ሳሎን ሄጄ ግድግዳውን፣ መስኮቱን፣ ጣራውን ሳይቀር ለክቻለሁ። ያልለካሁት ነገር ቢኖር…

ሰርተፍኬት፦ ያዘዘህ ሰው የት አለ?

ቆይማ፦ ሊወስደው መጣ። ቆሞ አየው። ከዚያ ዞር ብሎ አየ። ትከሻዬን ቸብ አድርጎኝ ሄደ።

ሰርተፍኬት፦ ዕድሉ አይደለማ። ሰው ሲገፋው አንዳንድ ዕቃ ባለቤቱን ይጠብቃል። [ይቀመጣል] ለኔ ሽጥልኝ።

ቆይማ፦ አይሆንም።

ሰርተፍኬት፦ ለምን?

ቆይማ፦ አንተማ የሚስቴ ወንድም ነህ። ላንተ አልሸጠውም።

ሰርተፍኬት፦ ለባዕድ ትሸጣለህ፣ ለዘመድህ ትከለክላለህ?

ቆይማ፦ ቆይማ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ጠይቀኝ። ሶፋ ሊገዛ የመጣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀውን ጠይቀኝና ከዚያ…

ሰርተፍኬት፦ አልጠይቅም። ገዢ ጥያቄ ካበዛ ሻጭ መፈለጉን ያውቅበታል፣ ዋጋ ይጨምራል። ሦስተኛው ቀን።

ቆይማ፦ እኔ ዋጋ አልጨምርም። ጠይቀኝ ብቻ።

ሰርተፍኬት፦ [ጣቱን እያወዛወዘ] በዚህ አትይዘኝም።

ቆይማ፦ እንግዲያውስ አልሸጥልህም። ሰውየው አሥር ሰዓት ይመጣል፣ ያለቀለት ነገር ነው።

ሰርተፍኬት፦ [ከሶፋው ለመነሣት ይታገላል፣ ያቅተዋል፣ እዚያው ሆኖ] ብስክሌቴን ውሰዳት።

ቆይማ፦ ፍሬን የላትም።

ሰርተፍኬት፦ ፍሬን ይገጠማል። ጎማዋን አየኸው? ሰንሰለቷ አዲስ ነው። አዲሱ ቤትህ ሩቅ ነው አይደል? በየቀኑ በእግርህ ልትመላለስ ነው?

ቆይማ፦ [ደጁን እያየ] እሱስ ሩቅ ነው።

ሰርተፍኬት፦ ዕቃ በዕቃ። እህቴም ትደሰታለች። ስንት ሰዓት ነው?

ቆይማ፦ ለአሥር ሃያ ጉዳይ።

ሰርተፍኬት፦ ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው ያለህ። አሁን ካልወሰንክ እነሣለሁ፣ ብስክሌቷንም ይዤ እሄዳለሁ። [አይነሣም]

ቆይማ፦ [አስቦ፣ አስቦ] አሁን ትረከበዋለህ ወይስ አሥር ሰዓት ሊሞላ ሲል?

ሰርተፍኬት፦ አሁን!

ቆይማ፦ ወረቀት እንጻፍ እንግዲያው። [ከቦርሳው ካርቶን ቀድዶ በእርሳስ ይጽፋል፤ እያንዳንዱን ቃል እየጠራ] «ሶፋውን፣ አይቼ፣ ወድጄ፣ ባለበት፣ ተረክቤያለሁ። ብስክሌቷን ሰጥቻለሁ።» ይሄ ነው። አንብበው።

ሰርተፍኬት፦ የተማረ ሰው የቤተሰቡን ወረቀት አያነብም። [አንገቱን ቀና አድርጎ ይፈርማል]

ቆይማ፦ እንኳን ደስ አለህ።

ሰርተፍኬት፦ [እየሳቀ] የኔ ወንድም፣ እውነቱን ልንገርህ? ልሸጥልህ ነበር የመጣሁት። ግን እንዲህ ዓይነቱን ነገር ለማያውቅ ሰው መስጠት ኃጢአት ነው። ሰውየው አሥር ሰዓት ሲመጣ ባዶ ክፍል ያገኛል። ፊቱን ባየው። በል ያዝልኝ፣ ደጅ እናውጣውና ጋሪ እጠራለሁ።

ቆይማ፦ እሺ። መጀመሪያ በዚህ በኩል እንሞክራለን። ከዚያ ገልብጠን። ከዚያ በቁሙ። ከዚያ ላባችንን እንጠርጋለን።

ሰርተፍኬት፦ ምን?

ቆይማ፦ ተራው እንደዚያ ነው። ያዝ።

[ያነሡታል። ወደ በሩ ይገፉታል። አንዱ ክንፍ ይወጣል፣ ማዕዘኑ ቀጥ ይላል። ይመልሱታል። ገልብጠው ይሞክራሉ፤ እግሩ መቃኑን ይነክሳል። በቁሙ ያቆሙታል፤ ጣራው ይመልሰዋል። ቦታው ይመልሱትና ይቀመጣሉ። ቆይማ ከኪሱ መሐረብ አውጥቶ ላቡን ይጠርጋል፣ ለሰርተፍኬትም ያቀብለዋል።]

ሰርተፍኬት፦ [ትንፋሹ ተቆራርጦ] አይወጣም።

ቆይማ፦ አይወጣም።

ሰርተፍኬት፦ በሩ ጠባብ ነው።

ቆይማ፦ በሩ ልክ ነው። ሶፋው ነው የሰፋው። የዚያን ሰውዬ ቤት ጣራ ስለካ የራሴን በር ረሳሁት።

ሰርተፍኬት፦ በመጋዝ ይቆረጣ።

ቆይማ፦ ከተቆረጠ ሞላው ይፈናጠራል፣ ሶፋም አይባል። የምትፈልገው ማዕዘኑን ነው አይደል?

ሰርተፍኬት፦ ግድግዳው ይፍረስ።

ቆይማ፦ እሱን ከአከራዩ ጋር ተነጋገሩ። አሥር ሰዓት ይመጣል።

ሰርተፍኬት፦ [ቀስ እያለ ይገባዋል] የእውነት አከራዩ ነው እንዴ የደወለው?

ቆይማ፦ ነገርኩህኮ።

ሰርተፍኬት፦ አታለልከኝ።

ቆይማ፦ አንዲት ውሸት ጥቀስልኝ።

[ሰርተፍኬት በጣቱ ሊቆጥር እጁን ያነሣል። አንድም ጣት ሳያጥፍ ያወርደዋል።]

ሰርተፍኬት፦ ጉድለቱን አልነገርከኝም።

ቆይማ፦ ሦስት ጊዜ ልነግርህ ስል ሦስት ጊዜ ዝም አሰኘኸኝ። ጠይቀኝም ብዬህ ነበር። እስከ ዛሬ ይሄን ሶፋ ለማየት አሥራ አንድ ሰው መጥቷል። ማንበብ የማይችሉም ነበሩባቸው። ሁሉም ግን ሶፋውን አንድ ጊዜ ያያሉ፣ ከዚያ ዞር ብለው በሩን ያያሉ፣ ከዚያ ደህና ዋል ይሉኛል። አንተ ብቻ ነህ ሰርተፍኬቷን ስትሰቅል በሩን በጀርባህ ያደረግከው።

ሰርተፍኬት፦ አሥረኛው ሐኪም…

ቆይማ፦ በሩን አይቶ ነው። መጀመሪያውኑ ጠርጥሬ ነበር።

ሰርተፍኬት፦ እህቴ ግን እንዲህ እንዳደረግከኝ ብትሰማ ዓይንህን አታየውም።

ቆይማ፦ [ቦርሳውን ትከሻው ላይ እያደረገ] እህትህ ናት የጠራችህ። «ማንም ካልወሰደው ወንድሜን እጠራዋለሁ፤ ሽጥልኝ ሲልህ ብቻ አይሆንም በለው፤ ልጅ ሆኖም ያልከለከሉትን አሻንጉሊት ነክቶ አያውቅም» አለችኝ። እኔ አላመንኳትም ነበር፤ አሁንማ ሳስበው አፈርኩ። ሥልጠናም አልወሰደችም እኮ።

ሰርተፍኬት፦ ብስክሌቴን መልስ።

ቆይማ፦ ፍሬኗን ነግረኸኛል፣ ጫማህንም አይቻለሁ፣ አይቼ ነው የገዛኋት። እስከ ጥገና ቤት ድረስ እየገፋኋት እሄዳለሁ። [ቁልፉን ሶፋው ክንድ ላይ ያስቀምጣል] ቁልፉ ይኸው። ክፍሌን እኔ ባዶ አድርጌያለሁ፤ ያለው ያንተ ዕቃ ነው፤ ወረቀቱም ይኸው። አከራዩ ሲመጣ አሳየው። [በሩ ላይ ዞሮ] አይዞህ፣ እየመጣሁ እቀመጥልሃለሁ። ወሬህንም እስከ መጨረሻው ነው የምሰማህ፤ ሶፋውማ ጥሩ ሶፋ ነው።

[ይወጣል። ብስክሌቷ ስትገፋ ሰንሰለቷ ይሰማል፣ ይርቃል። ሰርተፍኬት ለመነሣት ይሞክራል፤ ሶፋው ይመልሰዋል። ግድግዳው ላይ ያለችውን ወረቀት ያያል፤ አንገቱን ወደ ቀኝ ያጋድላል፣ ወደ ግራ ያጋድላል።]

ሰርተፍኬት፦ [ለራሱ] ዘማለች።

[ከውጭ የከዘራ ኳኳታ። የሽማግሌው አከራይ ድምፅ፦ «ይሄ ሶፋ ዛሬም አልወጣም? ማነው ባለቤቱ?» ሰርተፍኬት ካርቶኑን ያነሣል፣ ያነባል፣ ገልብጦ ያነባል። ሻጭ ሲሆን እንዳደረገው ፈገግ ሊል ይሞክራል። «ከተማው በሙሉ» ብሎ ይጀምራል፣ ይተወዋል። በስንዝሩ አየሩ ላይ በሩን ይለካል። ሽማግሌው ደጁ ላይ ደርሰዋል፤ እሳቸውም ሶፋውን አንድ ጊዜ ያያሉ፣ ዞር ብለው በሩን ያያሉ፣ ከዚያ እሱን ያያሉ።]

ሰርተፍኬት፦ ቆይማ…